በአራት ማዕዘንና በኤሊፕስ ዌቭጋይድ ውስጥ የሞገድ መበተንን በራሳችሁ ኮድ ማስላት

ጅማ ውስጥ ማይክሮዌቭ ላይ የመመረቂያ ሥራ የያዘ ሰው መጀመሪያ የሚጨነቀው ሶፍትዌር ስለማግኘት ነው። ኤችኤፍኤስኤስ፣ ሲኤስቲ፣ ኮምሶል ሁሉም ጥሩ ናቸው። ላይሰንሳቸው ግን ኪስ ይጎዳል። ከኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ የሚመጡ ተማሪዎች ሲጠይቁኝ የምመልሰው ሁሌም አንድ ነው፦ መጀመሪያ ችግሩን በራሳችሁ ኮድ ፍቱት። ፓይተን ወይም ኦክታቭ ይበቃል፤ ሁለቱም ነፃ ናቸው። ተራ ላፕቶፕ ይችለዋል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ውስጡ ምን እንዳለ ታውቃላችሁ።

ዌቭጋይድ ሞገድን በውስጡ ይዞ የሚያጓጉዝ ባዶ የብረት ቱቦ ነው። ቱቦው ወጥ እስከሆነ ድረስ ሞገዱ ሰተት ብሎ ያልፋል። መንገዱ ላይ መስኮት ያለው ግድግዳ ወይም የስፋት ለውጥ ካጋጠመው ግን ከፊሉ ይመለሳል፣ ከፊሉ ያልፋል፤ መጋጠሚያው ዙሪያም ርቆ የማይሄድ መስክ ይፈጠራል። መበተን የምንለው ይህንን ነው። የእኛ ሥራ ስንቱ እንደተመለሰና ስንቱ እንዳለፈ በቁጥር ማስቀመጥ ነው።

ገና ከመነሻው አንድ ነገር ያዙልኝ። ብዙ ሰው ኮዱ የኃይል ሚዛን ከጠበቀ፣ ማለትም የተመለሰውና ያለፈው ተደምሮ 1 ከሆነ፣ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። አላለቀም። ምክንያቱን ቦታው ላይ ስንደርስ አሳያችኋለሁ፤ ይህን መመሪያ የጻፍኩትም በዋናነት ለዚያ ነው።

1. ኮድ ከመክፈታችሁ በፊት በእጅ አስሉ

ለአራት ማዕዘኑ ምሳሌ ደብሊውአር-90 የሚባለውን ቱቦ እንያዝ። በኤክስ ባንድ (ከ8 እስከ 12 ጊጋኸርዝ ያለው ክልል) የላብራቶሪ ሥራ በጣም የተለመደ ነው። የውስጥ ስፋቱ 22.86፣ ቁመቱ 10.16 ሚሊሜትር ነው። ስፋቱን ሀ እንበለው።

ሞድ ማለት መስኩ በቱቦው ውስጥ ሊይዘው የሚችል ቅርጽ ነው። ዋናው ሞድ ቲኢ10 ነው፤ ቲኢ ማለት በቱቦው ርዝመት አቅጣጫ የኤሌክትሪክ መስክ የለም ማለት ነው፣ ሁለቱ ቁጥሮች ደግሞ መስኩ በስፋትና በቁመት ስንት ጊዜ እንደሚለዋወጥ ይናገራሉ። ካትኦፍ ፍሪኩዌንሲው፣ ማለትም ሞዱ መጓዝ የሚጀምርበት፣ የብርሃን ፍጥነት ለሁለት ሀ ሲካፈል የሚገኘው ነው፤ 6.557 ጊጋኸርዝ ይመጣል። ከእሱ ቀጥሎ ያለው ቲኢ20 በ13.11 ጊጋኸርዝ ይጀምራል። በመካከል ያለው ክልል አንድ ሞድ ብቻ የሚጓዝበት ነው፤ ቱቦው ለሥራ የሚመከረውም ከ8.2 እስከ 12.4 ጊጋኸርዝ ነው።

አሁን 10 ጊጋኸርዝ ላይ ቆመን እናስላ። የነፃ ቦታ የሞገድ ቁጥር፣ ኬ እንበለው፣ በሜትር 209.6 ሬዲያን ነው። ፓይ ለሀ ሲካፈል 137.4 ነው። የሁለቱ ካሬ ልዩነት ስኩዌር ሩት 158.2 ይሆናል። ስለዚህ በቱቦው ውስጥ ያለው የሞገድ ርዝመት 39.7 ሚሊሜትር ነው፤ በነፃ ቦታ ግን 30 ሚሊሜትር ገደማ ነው። እነዚህን ቁጥሮች ወረቀት ላይ ጽፋችሁ አስቀምጡ። ኮዱ የመጀመሪያ ቀን እነሱን ካልሰጣችሁ ወደፊት አትሂዱ።

2. እንቅፋቱን ምረጡ

ለመጀመሪያ ጊዜ ከባድ ቅርጽ አትምረጡ። ቱቦውን በቀጭን የብረት ግድግዳ ዝጉትና መሃሉ ላይ ከታች እስከ ላይ የሚደርስ መስኮት ክፈቱ። የመስኮቱ ስፋት ሐ ይሁን፤ የቱቦው ግማሽ፣ 11.43 ሚሊሜትር። ይህ ኢንዳክቲቭ አይሪስ ይባላል። የማይክሮዌቭ ፊልተር የሚሠራው እንዲህ ያሉ መስኮቶችን በመደርደር ስለሆነ ልፋታችሁ ከንቱ አይቀርም።

ቅርጹ ሁለት ስጦታ አለው። ቁመቱ ስለማይለወጥ ቲኢ ሞዶች ብቻ ይበቃሉ፤ ሁለተኛው ቁጥራቸውም ዜሮ ነው። መስኮቱ መሃል ላይ ስለሆነ ደግሞ ጎዶሎ ቁጥር ያላቸው ብቻ ይነሳሉ፦ ቲኢ10፣ ቲኢ30፣ ቲኢ50 እያለ ይቀጥላል። ሲሜትሪ ባገኛችሁ ቁጥር ተጠቀሙበት። ማትሪክሱን በግማሽ ይቀንስላችኋል።

3. የሞዶቹን ሰንጠረዥ ሥሩ

ለእያንዳንዱ ሞድ ቁጥር መ (1፣ 3፣ 5…) ይህን አስሉ፦

ጋማ = √( (መ × ፓይ ÷ ሀ)² − ኬ² )

በስሩ ውስጥ ያለው ቁጥር ፖዘቲቭ ከሆነ ሞዱ አይጓዝም፣ እዚያው ይከስማል። ኔጌቲቭ ከሆነ ጋማ ኢማጂነሪ ይሆናል፤ ሞዱም ይጓዛል። ናምፓይ (የፓይተን የሂሳብ ላይብረሪ) ላይ ተራ የኔጌቲቭ ቁጥር ስኩዌር ሩት ብትጠይቁት ናን፣ ማለትም «ቁጥር አይደለም»፣ ብሎ ይመልስላችኋል። ስለዚህ ቁጥሩን አስቀድማችሁ ወደ ኮምፕሌክስ ቀይሩት። ኦክታቭ በራሱ ይቀይረዋል።

በመስኮቱ ውስጥም ያንኑ ድገሙ፤ ሀ በሐ ይተካል፣ የሞድ ቁጥሩን ነ በሉት። 11.43 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ቦታ ካትኦፉ 13.11 ጊጋኸርዝ ነው። 10 ጊጋኸርዝ ላይ ስለዚህ በመስኮቱ ውስጥ አንድም ሞድ አይጓዝም። የመጀመሪያው ሞድ ጋማው በሜትር 178 ገደማ ነው፤ ግድግዳው 1 ሚሊሜትር ቢወፍር መስኩ ወደ 0.84 ይወርዳል፣ 2 ሚሊሜትር ቢሆን ወደ 0.70። ሞገዱ ግን ያልፋል፤ ግድግዳው ቀጭን ስለሆነ ሳይከስም ማዶ ይደርሳል።

4. የመደራረብ ማትሪክሱ

በመጋጠሚያው ላይ ሁለት ሕግ አለ። የኤሌክትሪክ መስኩ በመስኮቱ ላይ ግራና ቀኝ እኩል ነው፤ በብረቱ ላይ ዜሮ ነው። የማግኔቲክ መስኩ ደግሞ በመስኮቱ ላይ ብቻ እኩል ነው። ሞድ ማቺንግ የሚባለው ዘዴ እነዚህን ሁለት ሕጎች በሞዶች ቋንቋ መጻፍ ነው። የመጀመሪያውን በትልቁ ቱቦ ሞዶች እየመዘናችሁ፣ ሁለተኛውን በመስኮቱ ሞዶች እየመዘናችሁ ትሄዳላችሁ። ይህን ቅደም ተከተል አትገልብጡ።

መነሻውን መሃል ላይ ካደረጋችሁት ሞዶቹ ሁሉ ኮሳይን ይሆናሉ። ፐ = መ × ፓይ ÷ ሀ፣ ቀ = ነ × ፓይ ÷ ሐ ብለን ብንሰይም፣ አንድ የቱቦው ሞድ ከአንድ የመስኮቱ ሞድ ጋር ምን ያህል እንደሚደራረብ የሚናገረው የማትሪክሱ አባል እንዲህ ይወጣል፦

ዘ = (2 ÷ √(ሀ × ሐ)) × [ ሳይን((ፐ − ቀ) × ሐ ÷ 2) ÷ (ፐ − ቀ) + ሳይን((ፐ + ቀ) × ሐ ÷ 2) ÷ (ፐ + ቀ) ]

ፐ እና ቀ እኩል ሲሆኑ የመጀመሪያው ክፍል በዜሮ ማካፈል ይሆናል። ያኔ በቦታው ሐ ÷ 2 አስገቡ። በግማሽ መስኮት ይህ አይገጥማችሁም። ሐ የሀ አንድ ሦስተኛ ሲሆን ግን ይመጣል።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አንድ ፈተና አድርጉ። ሐ ከሀ ጋር እኩል ይሁን። መስኮት የለም ማለት ነው፤ ዘ አይደንቲቲ ማትሪክስ መሆን አለበት። ካልሆነ ስህተቱ እዚሁ ቀመር ውስጥ ነው፣ ሌላ ቦታ አትፈልጉት።

5. ወደ ስካተሪንግ ማትሪክስ

እያንዳንዱ ሞድ አድሚታንስ (የማግኔቲክ መስኩ ለኤሌክትሪክ መስኩ ያለው ጥምርታ) አለው፤ የጋማው ቀጥተኛ ተመጣጣኝ ነው። የዘን እያንዳንዱን አባል በትልቁ ቱቦ ሞድ አድሚታንስ ስኩዌር ሩት አባዙ፣ በመስኮቱ ሞድ አድሚታንስ ስኩዌር ሩት አካፍሉ። የወጣውን ማትሪክስ ል እንበለው። ት ደግሞ የል ትራንስፖዝ ይሁን፤ አ አይደንቲቲ። ከዚያ በኋላ አራት መስመር ብቻ ነው፤ 1 የትልቁ ቱቦ በኩል፣ 2 የመስኮቱ በኩል ነው፤ ኤስ11 ወደ ትልቁ ቱቦ የተመለሰውን፣ ኤስ21 ወደ መስኮቱ ያለፈውን ይሰጣል፦

ኤስ11 = (አ + ል×ት)⁻¹ × (ል×ት − አ)
ኤስ12 = 2 × (አ + ል×ት)⁻¹ × ል
ኤስ21 = ት × (አ − ኤስ11)
ኤስ22 = አ − ት × ኤስ12

የምትገለብጡት ማትሪክስ አንድ ነው። አንዴ ገልብጡትና በሁለቱም ቦታ ተጠቀሙበት።

አሁን ብዙ ሰው የሚወድቅበት ቦታ ላይ ደርሰናል። ት ትራንስፖዝ ብቻ ነው፤ ኮንጁጌት የለበትም። የሚከስሙት ሞዶች አድሚታንሳቸው ኢማጂነሪ ስለሆነ ል ኮምፕሌክስ ነው፤ ልዩነቱም የሚታየው ለዚህ ነው። ኦክታቭ ላይ ከማትሪክሱ ስም ቀጥሎ ነጠላ ጥቅስ ብቻ ካደረጋችሁ ኮንጁጌትም አብሮ ይሠራል። ከጥቅሱ በፊት ነጥብ መኖር አለባት። አንዲት ነጥብ ናት፤ ብትረሷት ኮዱ ያለ ምንም ቅሬታ ይሮጣል፣ መልሱ ግን የተበላሸ ነው። ፓይተን ላይ ተራው የትራንስፖዝ ትዕዛዝ ኮንጁጌት ስለማያደርግ ይህ ጣጣ የለም።

6. ሁለቱን መጋጠሚያዎች ማያያዝ

መስኮቱ መግቢያና መውጫ አለው። መውጫው የመግቢያው መስታወት ምስል ስለሆነ ሌላ ስሌት አያስፈልገውም። በመካከላቸው ያለውን ውፍረት የሚወክለው ደ የሚባል ዲያጎናል ማትሪክስ ነው፤ አባሎቹ የኔጌቲቭ ጋማ ሲባዛ ውፍረት ኤክስፖኔንሽያል ናቸው። መጀመሪያ ረዳት ማትሪክሱን ሥሩ፦

ረ = (አ − ኤስ22×ደ×ኤስ22×ደ)⁻¹ × ኤስ21

ከዚያ፦

የተመለሰው = ኤስ11 + ኤስ12×ደ×ኤስ22×ደ×ረ
ያለፈው = ኤስ12×ደ×ረ

የሁለቱም ማትሪክሶች የመጀመሪያ ረድፍ የመጀመሪያ አባል ለቲኢ10 የምትፈልጉት መልስ ነው።

ይህን በትራንስፈር ማትሪክስ ማባዛት ይቀላል የሚል ሰው ታገኛላችሁ። አትስሙት። በዚያ መንገድ የሚከስሙት ሞዶች በሌላኛው አቅጣጫ የሚያድጉ ሆነው ይገባሉ፤ ሞዶቹ ሲበዙ ቁጥሩ ፈንድቶ ኮምፒዩተሩ ትክክለኛ አሃዞቹን ያጣል። በስካተሪንግ ማትሪክስ ስትሄዱ ሁሉም ኤክስፖኔንሽያል ወደ ታች የሚወርድ ነው።

7. መልሱ እውነት መሆኑን ማረጋገጥ

የተመለሰውንና ያለፈውን መጠን ካሬ ደምሩ። 1 መጣ? ጥሩ ነው። ያረጋገጣችሁት ግን የትየባ ስህተት እንደሌለ ብቻ ነው። እኛ በሠራነው አጻጻፍ የኃይል ሚዛኑ በሂሳቡ ውስጥ የተሠራ ነው። አንድ ሞድ ብትወስዱም ይጠበቃል፣ መቶ ብትወስዱም ይጠበቃል። በትልቁ ቱቦ አምስት፣ በመስኮቱ ሃምሳ ሞድ ብታደርጉ እንኳ ድምሩ 1 ነው፤ መልሱ ግን ገደል ገብቷል። በመመረቂያ ጽሑፍ ላይ «ኃይል ስለተጠበቀ ውጤቱ ትክክል ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ሳይ የምከራከረው ለዚህ ነው።

እውነተኛው ፈተና የሞዶቹ ጥምርታ ነው። በትልቁ ቱቦና በመስኮቱ የምትወስዱት የሞድ ብዛት እንደ ሀ እና ሐ ጥምርታ መሆን አለበት። መስኮቱ ግማሽ ከሆነ 20 ለ10፣ 40 ለ20። ምክንያቱ ፊዚካል ነው። በመስኮቱ ስለታም ጠርዝ ላይ የማግኔቲክ መስኩ ወደ ኢንፊኒቲ ይወጣል፤ የሚወጣበት ፍጥነትም የተወሰነ ነው። ጥምርታው ከተዛባ የሞዶቹ ድምር ያን ጠርዝ በተሳሳተ መንገድ ይስለዋል። የሚያሳስበው ነገር በተዛባ ጥምርታም መልሱ ሊረጋ መቻሉ ነው። ሞድ እየጨመራችሁ ትሄዳላችሁ፣ ቁጥሩ መለወጡን ያቆማል፣ ግን የቆመው በተሳሳተ ቦታ ነው። ችግሩ በተለይ ግድግዳው በጣም ሲሳሳ ይበረታል። ስለዚህ በአንድ ግራፍ ላይ ሦስት መስመር ሳሉ፦ ትክክለኛው ጥምርታ፣ እጥፉ፣ ግማሹ። የትኛው የት እንደሚሄድ በዓይናችሁ እዩት።

ቀጥሎ ከታወቀ ቀመር ጋር አስተያዩ። ውፍረት ለሌለው የመሃል መስኮት፣ የመጀመሪያው ግምት ሰሴፕታንሱን (የአድሚታንሱን ኢማጂነሪ ክፍል) በቱቦው የሞገድ ርዝመት ÷ ሀ ሲባዛ በኮታንጀንት ካሬ ይሰጣል፤ የኮታንጀንቱ ማዕዘን ፓይ × ሐ ÷ (2 × ሀ) ነው፣ ምልክቱ ኔጌቲቭ። በእኛ ቁጥሮች ኮታንጀንቱ 1 ስለሆነ 39.7 ÷ 22.86 ይቀራል፤ 1.74። ከዚህ የሚወጣው የጠቅላላው አይሪስ ኤስ11 (የተመለሰው) መጠን 0.66፣ የኤስ21 (ያለፈው) ደግሞ 0.75 ገደማ ነው። ቀመሩ የከፍተኛ ሞዶችን እርማት ትቶታል። ስለዚህ ኮዳችሁ በኤስ11 ላይ በመጠኑ ዝቅ ያለ ቁጥር፣ ወደ 0.6 የቀረበ፣ ቢሰጣችሁ አትደንግጡ። 0.2 ወይም 0.95 ከሰጣችሁ ግን ወደ ደረጃ 4 ተመለሱ።

8. ወደ ኤሊፕስ

ሞላላ ቱቦ የቲዎሪ ጨዋታ አይደለም። በማይክሮዌቭ ማማዎች ላይ መሬት ካለው መሣሪያ እስከ አንቴናው የሚወጣው ተጣጣፊ ዌቭጋይድ ብዙውን ጊዜ ሞላላ ነው፤ ሲታጠፍ የኤሌክትሪክ መስኩ አቅጣጫ (ፖላራይዜሽኑ) አይዞርበትም። ሂሳቡን እ.ኤ.አ. በ1938 የሠራው ቹ ነው። የተጠቀመባቸው ፈንክሽኖች ግን ከዚያ የቆዩ ናቸው፤ ማቲዩ የሞላላ ከበሮ ንዝረትን ሲያጠና እ.ኤ.አ. በ1868 አመጣቸው።

ምሳሌ እንውሰድ። ረጅሙ ዲያሜትር 25፣ አጭሩ 12.5 ሚሊሜትር። የፎከሶቹ ከመሃል ርቀት የግማሽ ዲያሜትሮቹ ካሬ ልዩነት ስኩዌር ሩት ነው፤ 10.83 ሚሊሜትር። ኤክሰንትሪሲቲው 0.866 ነው። የማቲዩ ፈንክሽን ኪው የሚባል ፓራሜትር አለው፦ የካትኦፍ የሞገድ ቁጥር በፎከሱ ርቀት ተባዝቶ፣ በሁለት ተካፍሎ፣ ካሬ ሲሆን። ለቲኢ ሞዶች የራዲያል ፈንክሽኑ ዴሪቬቲቭ ግድግዳው ላይ ዜሮ የሚሆንበትን ኪው ትፈልጋላችሁ። ለቲኤም ሞዶች (በቱቦው ርዝመት አቅጣጫ የማግኔቲክ መስክ የሌላቸው) ፈንክሽኑ ራሱ ዜሮ የሚሆንበትን።

ለዚህ ቱቦ ዋናው ሞድ ኪው 0.66 ገደማ ላይ ይገኛል። ካትኦፉ 7.15 ጊጋኸርዝ አካባቢ ይመጣል። ደስ የሚለው ነገር ይህ ነው፦ የካትኦፍ የሞገድ ቁጥሩ በረጅሙ ግማሽ ዲያሜትር ሲባዛ፣ ለክብ ቱቦ 1.841 ነው፤ ለእኛ 1.87 ነው፤ ቱቦው እስኪጠፈጠፍ ብትጨምቁትም ከ1.89 ብዙም አያልፍም። የዋናውን ሞድ ካትኦፍ የሚወስነው ረጅሙ ዲያሜትር ነው ማለት ይቻላል። ኮዳችሁን በዚህ ፈትኑት፤ ሁለቱን ዲያሜትሮች አቀራርቡና ወደ 1.841 ሲጠጋ ተመልከቱ።

ሳይፓይ በሚባለው የፓይተን ላይብረሪ ውስጥ የማቲዩ ፈንክሽኖች አሉ። የማዕዘን ፈንክሽኖቹ ግን የሚቀበሉት ዲግሪ ነው፣ ሬዲያን አይደለም። መጽሐፎችና ሶፍትዌሮች ፈንክሽኖቹን የሚያስተካክሉበት መለኪያም ይለያያል። ስለዚህ የእኔ ምክር እንዲህ ነው፦ ማቲዩን ለካትኦፍ ማረጋገጫ ተጠቀሙበት። የሞዶቹን ቅርጽ ግን በሁለት ዳይሜንሽን ፋይናይት ኤለመንት (ቅርጹን ሜሽ በሚባሉ ትንንሽ ክፍሎች ከፋፍሎ የሚያሰላ ዘዴ) አውጡት፤ ለቲኢ የኖይማን (ዴሪቬቲቩ ዜሮ)፣ ለቲኤም የዲሪክሌ (ፈንክሽኑ ዜሮ) ድንበር አድርጋችሁ። ብዙ ራስ ምታት ያድናችኋል።

9. ኤሊፕሱን ከአራት ማዕዘኑ ጋር ማጋጠም

መጀመሪያ በደብሊውአር-90 ውስጥ ሙሉ በሙሉ የሚገባ ሞላላ መስኮት ይሁን፤ 16 በ8 ሚሊሜትር፣ ረጅሙ በስፋቱ አቅጣጫ። ካትኦፉ 11.2 ጊጋኸርዝ ገደማ ነው። ዘዴው ያው ነው፤ ሁለት ነገር ግን ይለወጣል።

አንደኛ፣ ቅርጹ በስፋትም በቁመትም ስለሚለወጥ ቲኢ ብቻ አይበቃም። ከአራት ማዕዘኑ የመጀመሪያ ቁጥራቸው ጎዶሎ፣ ሁለተኛው ሙሉ (ለሁለት የሚካፈል) የሆኑትን ቲኢና ቲኤም ሁሉ አስገቡ፦ ቲኢ10፣ ቲኢ30፣ ቲኢ12፣ ቲኤም12 እና የመሳሰሉትን። በካትኦፋቸው ቅደም ተከተል ደርድሯቸውና በሁለቱም በኩል ተመሳሳይ የካትኦፍ ጣሪያ ላይ ቁረጡ። የጥምርታው ሕግ እዚህ የሚሠራው በዚህ መልክ ነው።

ሁለተኛ፣ የዘ አባሎች አሁን በኑሜሪካል ኢንቴግራል ነው የሚሰሉት። ለእነሱም ግሩም ፈተና አለ። የትንሹ መስኮት ቲኤም ሞድ ከትልቁ ቱቦ ቲኢ ሞድ ጋር ያለው ኢንቴግራል ዜሮ ነው፤ የቲኤሙ ፈንክሽን በመስኮቱ ጠርዝ ላይ ዜሮ ስለሆነ። ሜሻችሁ ጥሩ ከሆነ እነዚህ አባሎች ኢምንት ይሆናሉ። ካልሆኑ ሜሹን አጥብቡ።

25 በ12.5 የሆነውን ኤሊፕስ ከደብሊውአር-90 ጋር ማገናኘት ከፈለጋችሁስ? አራት ማዕዘኑ ጥግ ላይ ከኤሊፕሱ ይወጣል፤ ኤሊፕሱም በጎን ከአራት ማዕዘኑ ይወጣል። አንዱ በሌላው ውስጥ ስለማይገባ ቀመሮቻችን በቀጥታ አይሠሩም። መፍትሔው በመካከል ሁለቱንም የሚይዝ 25 በ12.5 ሚሊሜትር አራት ማዕዘን ማስገባትና ርዝመቱን ዜሮ ማድረግ ነው። ሁለት መጋጠሚያ ይሆናል፤ እንደ ደረጃ 6 ታያይዙታላችሁ።

ይህኛው ስሌት ከአይሪሱ ይረዝማል፤ በየፍሪኩዌንሲው የተገኘውን ውጤት ወዲያው ፋይል ላይ ጻፉ። ክረምት ላይ መብራት መቼ እንደሚሄድ አይታወቅም፤ እንዲህ ካደረጋችሁ ከቆመበት ትቀጥላላችሁ። ለማመሳከር ኦፕንኢኤምኤስ የሚባለውን ነፃ ሶፍትዌር ውሰዱ። በነፃ ቦታ የሞገድ ርዝመት አንድ ሃያኛ፣ 1.5 ሚሊሜትር ገደማ ሜሽ ጀምሩና በጠርዞቹ አካባቢ አጥብቡት። ኤሊፕሱን እንደ ደረጃ እየቆራረጠ ስለሚስለው የተጣበበ ሜሽ እዚያ ግድ ነው።

ከተለካ ውጤት ጋር የምታስተያዩ ከሆነ ደግሞ ኮዱን ከመነካካታችሁ በፊት ቱቦውን እዩ። ሞዴላችን ውስጡ ደረቅ አየር እንደሆነ ይገምታል። እንደ ጅማ ዝናብና እርጥበት በሚበዛበት አገር በረጅም ሞላላ ፊደር (ወደ አንቴናው በሚወጣው ቱቦ) ውስጥ ውሃ ሊቋጥር ይችላል። በማማ ላይ ያሉት በደረቅ አየር ግፊት ተሞልተው የሚሠሩትም ለዚህ ነው። ግፊቱ ከወረደ የምትለኩት ነጸብራቅ የመስኮቱ ብቻ አይደለም።